ልጅን በቤት ውስጥ ግጥም ማስጀመር፦ ከጆሮ ወደ ደብተር

ልጅ ግጥም ለመጀመር ፊደል ቆጥሮ መጨረስ የለበትም። ከአምስት እስከ ዘጠኝ ዓመት የሆነው ልጅ የሚናገረው ነገር አይቸግረውም፤ የሚቸግረው አፉ ላይ የመጣለትን ሳይለውጥ የሚጽፍለትና መልሶ የሚያነብለት ሰው ማግኘት ነው። ይህ መመሪያ ያንን ሰው ለመሆን ለሚፈልግ ወላጅ፣ አያት ወይም ታላቅ እኅት የተጻፈ ሲሆን፣ በአራት ኪሎና በፒያሳ መካከል በሚገኝ ጠባብ ቤት ውስጥ ከሁለት ልጆቼ ጋር ሞክሬ፣ አንዳንዱ ከሽፎብኝ አንዳንዱ ሰምሮልኝ የደረስኩበትን ቅደም ተከተል ይዟል። ቅደም ተከተሉ ከለመድነው ይለያል። ግጥም ሲባል ለብዙዎቻችን ቀድሞ ትዝ የሚለን ቤት መምታት ስለሆነ፣ ልጁን የምናስጀምረው «ከ‹መጣ› ጋር ምን ይገጥማል?» እያልን ነው። እዚህ ግን ቤት መምታት የሚመጣው በአራተኛው እርምጃ ሲሆን፣ ምክንያቱም እዚያው ተብራርቷል።

ከመጀመርዎ በፊት

አንድ ባለ 50 ሉክ ደብተርና ሁለት እርሳስ ይበቃል። ደብተሩ ለግጥም ብቻ የተለየ ይሁን፤ ከትምህርት ቤት ደብተር ጋር ከተቀላቀለ ልጁ እንደ ቤት ሥራ ይቆጥረዋል። ላጲስ ከአጠገቡ ያርቁ። ላጲስ የያዘ ልጅ ሁለት ቃል ጽፎ ሦስት ይፈገፍጋል፣ ወረቀቱም ይቀደዳል፤ ከዚህ ይልቅ ያልወደደውን ቃል በአንድ መስመር ሰርዞ ከላዩ ሌላ መጻፍ ይልመድ። የተሰረዘው ቃል መታየቱ ከሳምንት በኋላ ይጠቅማል፣ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ከሁለተኛው ይሻል ነበርና።

ሰዓቱ ከሩብ ሰዓት አይብለጥ። የቤት ሥራ ከተሠራ በኋላ ባለው ድካም ላይ አይጨምሩት። በእኛ ቤት የሠራው ቅዳሜ ጧት ነው፤ ከዚያ የሚሻለው ደግሞ መብራት የጠፋበት ምሽት ነው፣ ቴሌቪዥንም ስልክም አይሻሙዎትም።

አንደኛ፦ ጆሮ

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ምንም አይጻፍም። ልጁን በመስኮት አጠገብ ወይም በር ላይ ያስቀምጡትና ከተማው የሚለውን አብራችሁ ስሙ። የመሐል አዲስ አበባ ልጅ በዚህ ረገድ ዕድለኛ ነው፤ ከጧት እስከ ማታ በዜማ የሚጣራ ሰው በሠፈሩ አይጠፋም። «ቆራሌው!» እያለ የሚያልፈውን ሰው ለምሳሌ ይውሰዱ። «ቆርቆሮ ያለው» የሚለው ጥሪ ከአፍ አፍ ሲመላለስ፣ ድምፁም ከሩቅ እንዲሰማ ሲሳብ፣ ቃሉ ተጨምቆ ቆራሌው ሆኗል። ይህንን ለልጅ መንገር አንድ ትልቅ ነገር ያስተምረዋል፦ ቃል ለአፍና ለጆሮ ሲባል ሊያጥር፣ ሊረዝም፣ ሊታጠፍ ይችላል።

ቀጥሎ የታክሲ ረዳቱን ጥሪ አብራችሁ አጨብጭቡ። «አራት ኪሎ! አራት ኪሎ!» ሲል አ-ራት-ኪ-ሎ አራት ጭብጨባ ነው፣ ሲደግመው ስምንት ይሆናል። ይህ አራት ለአራት የሆነ ምጣኔ በአማርኛ ግጥም «ቡሄ በሉ» የሚባለው ሲሆን፣ ስሙ ራሱ ቡ-ሄ-በ-ሉ ተብሎ አራት ጊዜ ይጨበጨባል። ነሐሴ 13 ወንዶች ልጆች ዱላቸውን መሬት ላይ እየመቱ በየደጁ ሲጨፍሩ የሰማ ልጅ ይህን ምጣኔ ማንም ሳያስተምረው ይዞታል። ወላጁ የሚያደርገው በጆሮው ያለውን ወደ እጁ ማምጣት ብቻ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ፊደል አይቁጠሩ፣ ጭብጨባ ይቁጠሩ። «ድመት» በጽሑፍ ሦስት ፊደል ሲሆን በአፍ ሁለት ጭብጨባ ነው፤ «እንጀራ» እና «ብርጭቆ» አራት አራት ፊደል ሆነው ሦስት ሦስት ጊዜ ይጨበጨባሉ። ሳድሱ (እንደ «ት» እና «ን» ያለው ስድስተኛው) ፊደል አንዳንዴ ድምፁን ውጦ ከጎረቤቱ ጋር ስለሚጣበቅ ነው። ለስድስት ዓመት ልጅ ስለ ሳድስ ማብራራት አያስፈልግም፤ የቤተሰቡን ስም በየተራ ማጨብጨብ ይበቃዋል፣ አያትየው ስማቸው አምስት ጭብጨባ መሆኑን ሲሰሙ እንዴት እንደሚደሰቱም ያያሉ።

ሁለተኛ፦ እንቆቅልሽ

አንድን ነገር በሌላ ነገር መስሎ ማየት የግጥም ግማሽ ሲሆን፣ ለዚህ እንደ እንቆቅልሽ ያለ ማሠልጠኛ የለም። «እንቆቅልሽ» ሲባል «ምን አውቅልህ» ማለት፣ መልሱ ሲጠፋም «አገር ስጠኝ» ተብሎ አገር መጠየቁ ልጆችን ያስፈነድቃቸዋል። (የእኔ ልጅ አሁን ባሕር ዳርን፣ ሐረርንና ግማሹን መርካቶ ከእኔ ወስዳለች።) የቆዩትን እንቆቅልሾች በመጠየቅ ይጀምሩና በሦስተኛው ቀን ቤት ውስጥ ካለ ዕቃ አዲስ እንዲሠራ ይጠይቁት።

ሲጀምር መንገዱን የሚያሳየው ቋንቋው ራሱ ነው። የሲኒ ጆሮ፣ የጀበና አንገት፣ የጠርሙስ አፍ፣ የወንበር እግር እንላለን፤ ዕቃዎቻችንን ሰው ካደረግናቸው ቆይተናል። «ሲኒ ጆሮ ካላት ምን ትሰማለች?» ብለው ይጠይቁ። ልጄ ለዚህ የሰጠችኝ መልስ «የቡና ወሬ» የሚል ነበር። ከዚያ «ጆሮ አላት አትሰማም፣ ትስማለች አትናገርም» የሚል እንቆቅልሽ ወጣ። ሁለተኛውን ሐረግ የጨመረው ወንድሟ ነው፤ ሲኒ ከንፈር ስለምትነካ ትስማለች ማለቱ እንደሆነ ያስረዳኝም እሱ ነው።

ሦስተኛ፦ ልጁ ይናገር፣ እርስዎ ይጻፉ

አሁን ደብተሩ ይከፈታል፣ እርሳሱ ግን ያለው በእርስዎ እጅ ነው። መጻፍ የሚችል ልጅ እንኳ በዚህ እርምጃ ይናገር እንጂ አይጻፍ፣ እጁ ከሐሳቡ ስለሚዘገይ አንዱን ፊደል ሲፈልግ የቀረው ይጠፋበታልና። የእርስዎ ሥራ የጸሐፊ ሥራ ነው፦ ያለውን፣ ባለበት ቅደም ተከተል፣ ሰዋስው ሳያርሙ መጻፍና ቀስ ብሎ መልሶ ማንበብ።

ይህ ሲነገር ቀላል ይመስላል፣ ሲሠሩት ግን ከሁሉም የሚከብደው እሱ ነው። አንድ የሐምሌ ከሰዓት በኋላ ልጄ መስኮቱ ላይ ተለጥፋ «ሰማዩ የአባባን ካፖርት ለብሷል፣ ቁልፉ ግን ጠፍቶበታል» አለች። እኔ ደግሞ በደኅና አማርኛ ላስቀምጠው ብዬ «ሰማዩ በጥቁር ደመና ተሸፈነ» ብዬ ጻፍኩና አነበብኩላት። ጸጥ ብላ ሰማችኝና «እማዬ፣ ይሄ የኔ አይደለም» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ የኔም አልነበረም፤ የሬዲዮ አማርኛ ነበር። ገጹን ሰርዤ የእሷን ብጽፍም ለአንድ ሳምንት ያህል ደብተሩን ሳመጣ «ዛሬ ምንም የለኝም» ትለኝ ነበር።

ርእስ ሲመርጡ ያሳንሱ። የበዓል ዝግጅት በመጣ ቁጥር ልጆቻችን ስለ እናት፣ ስለ አገር፣ ስለ ሰላም ግጥም አምጡ ይባላሉ፤ በእንዲህ ያለ ርእስ ላይ የሰባት ዓመት ልጅ ሊጽፍ የሚችለው ከሌላ የሰማውን ብቻ ነው፣ ካልሆነም ወላጁ ይጽፍለትና ሸምድዶ ይመጣል። ስለ ግራ እግር ጫማው፣ ስለ ምጣድ ማሰሻው፣ ቁምሳጥን ላይ ስላለው ሻንጣ ግን ማንም ያላለውን ይላል። «ስለ ምን እንጻፍ?» ብለው ከመጠየቅ አንድ ዕቃ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው «ማንም በሌለበት ምን ይሠራል?» ብለው መጠየቅ ይሻላል።

ቤት ውስጥ ያለው ዕቃ ሲያልቅ ወደ ከተማው ይውጡ። ለዚህ የምመርጠው ከብሔራዊ ትያትር እስከ ለገሐር ያለውን አጭር መንገድ ነው፣ ምክንያቱም በሁለቱ ጫፍ ሁለት አንበሶች አሉ። በትያትር ቤቱ አጠገብ ያለው፣ ከንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ 25ኛ ዓመት የዘውድ በዓል ጋር ተያይዞ የተሠራው፣ ከድንጋይ የተቆረጠ ጠርዝ ያለው ግዙፍ አንበሳ ነው። በባቡር ጣቢያው ፊት ያለው የይሁዳ አንበሳ ደግሞ በጣልያን ወረራ ጊዜ ተነቅሎ ሮም ተወስዶ ከብዙ ዓመት በኋላ የተመለሰ ነው። ለልጁ ይህን ታሪክ በሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ ይንገሩትና «ማታ መንገዱ ጭር ሲል ሁለቱ ቢገናኙ ያኛው ይኼኛውን ምን ይጠይቀዋል?» ይበሉት። መልሱን እዚያው ቆመው በስልክዎ ይቅረጹ፤ ታክሲ ውስጥ ከገቡ በኋላ ይረሳል። የእኛ ትንሿ የድንጋዩን አንበሳ «ሮም ውስጥ ጥሬ ሥጋ አለ?» አሰኝታዋለች።

በመሐሉ የእንግሊዝኛ ቃል ቢገባበት አይደንግጡ። የአንዳንዱ ልጅ የትምህርት ቤት ቃላት በእንግሊዝኛ ስለሆኑ «ክላውድ» ሊልዎት ይችላል። እንዳለ ይጻፉትና ሲጨርስ «አያትህ ይህን ምን ትለዋለች?» ብለው ይጠይቁት፤ ደውሎ ይጠይቃት። ሀ እና ሐ፣ ሰ እና ሠ ማምታታቱን ደግሞ ለጊዜው ይተዉት።

አራተኛ፦ ሁለት ስንኝና ቤት

ልጁ ከአሥር በላይ የራሱ ንግግሮች ደብተሩ ላይ ሲኖሩት ቤት መምታት ይጀመራል። ቀድሞ ያልተጀመረበት ምክንያት ይህ ነው፦ ቤት በጣም ስለሚጣፍጥ ልጁ አንዴ ከቀመሰው ዓይኑን ከነገሩ ላይ አንሥቶ የመጨረሻው ፊደል ላይ ይተክላል። አስቀድሞ ያየውን መናገር የለመደ ልጅ ግን ቤቱን ፍለጋ ሲሄድ የሚመለስበት ነገር አለው።

ሁለት ስንኝ ብቻ ይበቃል። ትንሽ ነው ብለው አይናቁት፣ በአብነት ትምህርትም የቅኔ ተማሪ መቁጠር የሚጀምረው ሁለት ቤት ባለው ጉባኤ ቃና ነው። የፊደል ገበታ ካለዎት ግድግዳ ላይ ይስቀሉና ልጁ ዓይኑን ጨፍኖ በጣቱ አንድ ፊደል ይንካ። «ሮ» ላይ አረፈ እንበል። ሁላችሁም በሮ የሚያልቅ ቃል አምጡ፦ ዶሮ፣ ጆሮ፣ ከበሮ፣ ቀበሮ፣ ቆርቆሮ፣ ኑሮ፣ ድሮ። ሮ ከሮ ጋር እንጂ ከራ ጋር ቤት አይመታም፤ ይህን ልጁ በጆሮው ይለየዋል። በሳድስ በሚያልቁ ቃላት ላይ ግን ከመጨረሻው ፊደል በፊት ያለውም ድምፅ እንዲመሳሰል ያድርጉ። «ድመት» ከ«ወተት» ጋር ግጥም ይላል፣ ከ«ሌሊት» ጋር ግን ይላላል።

ከዚያ አራት ለአራት በሆነው ምጣኔ እያጨበጨባችሁ ሞክሩ። ለምሳሌ አብረን የሠራነው ይህ ነው፦

ድመታችን ወተት ጠጣች፣
ከምድጃው ሥር ሄዳ ተኛች።

ይህ ለመጀመሪያ ጊዜ ደኅና ነው፣ ነገር ግን አንድ የአማርኛ ወጥመድ ያሳያል። በቋንቋችን ግሥ መጨረሻ ላይ ስለሚቀመጥ፣ ባለቤቱ አንድ እስከሆነ ድረስ ስንኙ ሁሉ በራሱ ጊዜ ቤት ይመታል፦ በላሁ፣ ጠጣሁ፣ ተኛሁ፣ ተነሣሁ። ልጁ በዚህ ከተደላደለ ሃያ ስንኝ በአንድ ትንፋሽ ያወርድልዎታል፤ ማንም ግን ሁለተኛ ጊዜ ሊሰማው አይፈልግም። ስለዚህ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሕግ ያውጡ፦ ከሁለቱ ስንኞች አንዱ በስም ይለቅ።

ሌላው የሚገጥምዎት እንግዳ ስንኝ ነው። ልጄ አንድ ቀን በኩራት ያነበበችልኝ እንዲህ ይል ነበር፦

አባቴ ከሥራ መጣ፣
እንቁራሪት ውኃ ጠጣ።

መሳቅ ይቻላል፤ መሳለቅ ግን አይቻልም። «ትክክል አይደለም» አላልኳትም፣ «እንቁራሪቱ ከየት ገባ?» ብዬ ጠየቅኳት። ትንሽ አሰበችና «ከቤቱ ነው የመጣው» አለችኝ፤ ቤት ለመምታት ብላ እንዳስገባችው ራሷ ያወቀችበት መልስ ነው። «እሺ፣ አባባ ሲመጣ ቀድሞ ምን ያደርጋል?» አልኳት።

አባቴ ከሥራ መጣ፣
ኮቱን ሰቅሎ ሻዩን ጠጣ።

እንቁራሪቱ ተሰርዟል፣ ግን ከመስመሩ በታች ይታያል። እውነቱን ለመናገር እኔ እንቁራሪቱን ነው የምወደው፤ ውሳኔው ግን የእሷ ነው።

አምስተኛ፦ ረዘም ያለ ስንኝ

ስምንት ዓመት ገደማ የሞላው፣ ራሱም የሚጽፍ ልጅ ወደ የወል ቤት ሊሻገር ይችላል። ይህ ስድስት ለስድስት የሚጨበጨብ፣ በአማርኛ ግጥም እጅግ የተለመደው ምጣኔ ነው። (ሰንጎ መገን የሚባለው አምስት ለአምስት ሲሆን፣ እሱን ለሌላ ጊዜ ያቆዩት።) ስንኙ ሲረዝም ልጁ ጎደሎውን የሚሞላበት ቃል ያሻዋል፣ ችግሩም ከዚያ ይጀምራል። የበኩር ልጄ እንዲህ ጻፈ፦

ትናንትና ማታ ዝናብ ሲዘንብ አድሮ፣
ቆርቆሮው ሲዘፍን ሰማሁት በጆሮ።

ምጣኔው ሞልቷል፣ ቤቱም መትቷል። ታናሽ እኅቱ ግን ወዲያው «በጆሮ ነው እንጂ በአፍንጫ ሊሰማ ነው?» አለችው። ተቆጣ፣ እርሳሱን ወረወረ፣ እራት ድረስም አላናገራት። ማታ ግን የሮ ቃላቱን ዝርዝር ሲያገላብጥ አገኘሁትና በማግስቱ ሁለተኛው ስንኝ ተለውጦ ነበር፦

ቆርቆሮው ጣራችን ሆነልን ከበሮ።

ከዚህ የተማርኩት፣ መሙያ ቃልን ለመለየት «ይህ ቃል ቢወጣ ምን ይጎድላል?» የሚለው ጥያቄ እንደሚበቃ ነው። ጥያቄውን የሚጠይቀው ወላጅ ሲሆን ግን ቁጣው ይረዝማል፤ እኩያ ቢጠይቀው ይመረጣል።

ማረምን በተመለከተ የምከተለው ደንብ አጭር ነው። በአንድ ግጥም ላይ አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠየቃል፣ በተጻፈበት ቀን ደግሞ ምንም አይጠየቅም። ቀይ እስክሪብቶ በቤት ውስጥ ቦታ የለውም።

ስድስተኛ፦ ማስማት

ግጥም ሰሚ ካላገኘ ልጁ በወሩ ይተወዋል። ለዚህ የእሑድ ቡና ምቹ ነው፣ ጎረቤትም ይመጣል፣ ሁሉም ተቀምጦ ይጠብቃል። አቦሉ ሲቀዳ ወሬው ስለሚሞቅ ለቶና ያቆዩት። ልጁ ቆሞ፣ እጁን እያወዛወዘ እንዲጮኽ አያድርጉት፤ በትምህርት ቤት መድረክ የለመደው ያ ዓይነት አነባበብ ሁሉንም ግጥም አንድ ዓይነት ያደርገዋል። ተቀምጦ፣ በሚያወራበት ድምፅ፣ ሁለት ጊዜ ያንብበው። ሰሚዎቹንም አስቀድመው ይንገሯቸው፦ «ጎበዝ! እደግ!» ማለት ደግ ነው፣ ነገር ግን «ካፖርቱ ቁልፉ የጠፋበት ለምንድን ነው?» ብለው ቢጠይቁት ልጁ እንደተሰማ ያውቃል። እኛ ቤት የሚመጡ አንዲት እማማ ሁልጊዜ የሚጠይቁት «ቀጥሎስ?» ብለው ነው፤ ሁለት ግጥም ከሁለት ስንኝ ወደ ስድስት ያደገው በእሳቸው ምክንያት ነው።

በዓመቱ መጨረሻ ለደብተሩ ጥሩ አጋጣሚ ይመጣል። ለእንቁጣጣሽ ልጆች አበባና መልአክ ስለው ለጎረቤትና ለዘመድ ይሰጣሉ፣ ብርም ይሸለማሉ። በዚያ ሥዕል ግርጌ አራት ጣት የሚያህል ቦታ ያስተዉትና ተቀባዩን የሚመለከት ሁለት ስንኝ ይጻፍበት፦ ለባለ ሱቁ ስለ ሚዛኑ፣ ለአክስት ስለ ሳቋ። ግጥሙ የግለሰቡ ስለሆነ አንዱን ለሁሉ መገልበጥ አይቻልም፣ ስለዚህ ሥራውን ከነሐሴ መጨረሻ ጀምሩ፤ ጳጉሜን ላይ የጀመረ አይደርስም። ከአምስተኛው ሥዕል በኋላ እጁ ስለሚዝል የቀረውን ስንኝ እሱ እየነገረዎት እርስዎ ይገልብጡለት፤ ከታች ያለውን ስሙን ግን ራሱ ይጻፍ።